«ነፃ» ትምህርት ስንት ብር ነው?

ባለፈው ጥር ቤተሰብ ልጠይቅ ወረታ ሄጄ ሳለ አባቴ የመሬት ደብተሩን ፀሐይ እንዳሰጣለት አዘዘኝ። ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት የገባ እርጥበት እስከ ጥር ይቆያል። ደብተሩን ከፌስታሉ ሳወጣ ሥሩ በክር የታሰረ አንድ እፍኝ ደረሰኝ ነበር። አባቴ ደረሰኝ አይጥልም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የሃያ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ዳስ ሥር ተቀምጦ ፊደል ከቆጠረ ጀምሮ የተጻፈበት ወረቀት መጣል ነውር ይመስለዋል።

ግማሹ የመሬት ግብር ነው። የቀረው የእኔና የእህቶቼ ትምህርት ቤት፦ ለክፍል ማሠሪያ፣ ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለወንበር ጥገና፣ ለፈተና ወረቀት። አንዱ ላይ ዝም ብሎ «ለተሳትፎ» ይላል። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ያልተደመረ ቁጥር ሳይ እጄን ይበላኛል። ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ በዓመት በዓመት እየለየሁ መሙላት ጀመርኩ።

«ምን ልታረገው ነው?» አለኝ።

«እኛን ለማስተማር ስንት እንደከፈልክ ልደምር።»

ሳቀ። «እናንተማ የተማራችሁት በነፃ ነው። ይሄ መዋጮ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም።»

ሰው ልብ ወለድ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል። እኔ ዛሬ የምተቸው ይህችን የአባቴን ዓረፍተ ነገር ነው። የእሱ ፈጠራ አይደለችም። ከላይ ተጽፋ፣ በየስብሰባው ተነብባ፣ በመጨረሻ የራሱ አሳብ መስላው ከአፉ የወጣች ናት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ደራሲው አይታወቅም፤ ስለዚህ ወደ ሰነዶቹ መሄድ ግድ ነው።

በሕገ መንግሥቱ እንጀምር። አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል። ደስ ይላል። ወደ አንቀጽ 90 ስትወርዱ ግን ያው ጉዳይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ወደሚል ይዞራል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲያይ አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ቅድመ ሁኔታው ተጽፏል፤ አቅም ፈቀደ ወይም አልፈቀደም ብሎ የሚመዝነው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚመዝን ግን አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ኮድ አይሰበርም፤ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አያውቅም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ቅድሚያ የሚሰጠው እስከ አሥረኛ ክፍል ላለው ትምህርት እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ተጠቃሚው ወጪ እየተጋራ እንደሚሄድ ይናገራል። መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው፤ ቢያንስ መስመሩ የት እንደተሰመረ ይታያል። እኔ ራሴ ባሕር ዳር ኢንጂነሪንግ ስገባ ኮስት ሼሪንግ ፈርሜያለሁ። ስንት እንደተበደርኩ፣ ለማን እንደምከፍል፣ ካልከፈልኩ ምን እንደሚቀርብኝ በወረቀት ነበረኝ። ነገሩ ሲገርመኝ ይኖራል፦ ዕዳ ያለበት ዩኒቨርሲቲ ውል ነበረው፤ «ነፃ» የነበረው አንደኛ ደረጃ ግን ዋጋው በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ በስብሰባ፣ በቃል ነበር የሚነገረን።

የነገሩ ቁልፍ «ተሳትፎ» የሚለው ቃል ነው። ያው የ1986ቱ ፖሊሲ የትምህርት አመራሩ ያልተማከለና አሳታፊ እንዲሆን ይፈልጋል። በሰነዱ ላይ ቃሉ ሁለት ነገር ይሸከማል፦ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ይወስናል፣ ወላጅ ለትምህርት ቤቱ ያግዛል። ድምፅና ገንዘብ። ከዚያ ቃሉ ከአዲስ አበባ ይነሳል፤ ክልል ይደርሳል፣ ዞን ይደርሳል፣ ወረዳ ይደርሳል፣ ቀበሌ ይደርሳል። ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ባጭሩ ወተመህ የሚባለው ኮሚቴ እጅ ሲገባ ድምፁ መንገድ ላይ ወድቆ ገንዘቡ ብቻ ቀርቷል። አባቴ ሁለት ዓመት የዚህ ኮሚቴ አባል ነበር። አጀንዳው ስንት ይዋጣ እንጂ ለምን ይዋጣ ሆኖ እንደማያውቅ ነው የሚነግረኝ። ለምን የሚለው እንኳን ቢነሳ መልስ የሚሰጥ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ርዕሰ መምህሩም እንደ አባቴ ከላይ የመጣ ቃል ነው የያዘው።

ርዕሰ መምህሩን ለመውቀስ አይቃጣኝም። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚመጣ ስታዩ ትረዱታላችሁ። ፌዴራል መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባጸደቀው ቀመር ለክልል ድጎማ ይሰጣል። ክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለወረዳ ጥቅል በጀት ያወርዳል። የወረዳው ምክር ቤት ለጤናው፣ ለግብርናው፣ ለትምህርቱ ያከፋፍላል። ትምህርት የሚደርሰው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግን ደመወዝ ነው። ጠመኔ፣ ቁልፍ፣ ጣሪያ፣ የሽንት ቤት በር «ሥራ ማስኬጃ» ከሚባለው ቅሪት ይጠበቃሉ። ከ2001 ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ መጣ፤ ለብዙ ርዕሰ መምህራን ከደመወዝ ውጭ በእጃቸው የገባው የመጀመሪያው እርግጠኛ ገንዘብ እሱ ነበር። የቀረውን ቀዳዳ የሚደፍነው ወላጅ ነው። ስለዚህ መዋጮ ማለት ለተጨማሪ ነገር የሚደረግ ልግስና አይደለም። በጀቱ ሲጸድቅ ገና ከመነሻው አባቴ እንደሚከፍል ታስቦ ነው የጸደቀው፤ ስሙ ግን የትኛውም መስመር ላይ የለም።

የፖለቲካው ክርክር እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው። ስለ ትምህርት ቤት ገንዘብ ይህ አገር ድሮ ይከራከር ነበር። እንዴት ቀረ?

በ1940 የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ትምህርት ገንዘብ እንደሚፈልግ፣ ገንዘቡም ከባለ መሬቱ እንደሚመጣ በግልጽ ስሙን ጠርቶ ተናገረ። ገበሬው ከመሬት ግብሩ ጋር የትምህርት ግብር ከፈለ። አዋጁ ፍትሐዊ ነበር እያልኩ አይደለም። ገበሬው እየከፈለ ትምህርት ቤቱ ከተማ ውስጥ ተሠራ፤ የፎገራ ባላገር የከፈለለት ክፍል ውስጥ የጎንደር ልጅ ተቀመጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግን ልብ በሉ፦ ግብር ስለተባለ «የከፈልኩበት ትምህርት ቤት የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግብር እንዲህ ነው፤ ያስከፍላል፣ ግን ከፋዩን ባለጥያቄ ያደርገዋል። ከዓባይ ማዶ ጎጃም በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ የተነሳው ስም ባለው ነገር ላይ ነው።

ከዚያ «ሴክተር ሪቪው» መጣ። በ1964 ክረምት የተጠናቀቀው ይህ የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለሁሉም ልጅ የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲቀድም፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ዕድገት እንዲገታ ሐሳብ አቀረበ። ሕዝብ ሳያየው ቆየ። ምስጢሩ ሲወጣ መምህራኑ፣ ተማሪው፣ የከተማው ወላጅ ተቆጣ፤ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆረጥ ነው ተባለ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ ቆሙ። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የኢትዮጵያ አብዮት ከቀደሙ ምክንያቶቹ አንዱ የትምህርት በጀት ክርክር ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይሄን ለእኩዮቼ ስነግር አያምኑኝም።

እዚህ ላይ ከተለመደው ታሪክ ትንሽ ወጣ ልበል። ሴክተር ሪቪውን ሁላችንም የምናውቀው በተቃዋሚዎቹ አፍ ነው። ትልቁ ጥፋቱ መደበቁ ነው እላለሁ። ሐሳቡን ግን ከፎገራ ሆኖ የሚያነበው ሰው ሌላ ነገር ያይበታል። አባቴ ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አራት ዓመት ቀርቶ አንድ ቀን የሚማርበት ትምህርት ቤት በአካባቢው አልነበረውም። አራተኛ ክፍል ላይ ልንቆረጥ ነው ብሎ የጮኸው አራተኛ ክፍል ያለው ሰው ነው። ትክክለኛው ክርክር፣ ማለትም ለብዙው ትንሽ ይድረስ ወይስ ለጥቂቱ ሙሉው የሚለው፣ በአደባባይ ቢካሄድ ኖሮ ባላገሩ የትኛው ጎን ይቆም እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። አልተጠየቀም።

የሆነው ሆኖ ያኔ የሚጣሉበት ወረቀት ነበር። መዋጮ ግን ወረቀት የለውም። አዋጅ አይደለምና ፓርላማ አይከራከርበትም። ግብር አይደለምና ይግባኝ አይባልበትም። በፈቃድ ነው ስለሚባል የተቃወመ ሰው ተቃዋሚ አይባልም፤ ንፉግ ነው የሚባለው። በልጁ የሚጨክን። ልጆቹን ሰብስቦ «ደረሰኝ ያላመጣ ቆሞ ይዋል» የሚል መምህር ደግሞ እኔም ደርሶብኛል፤ የፈቃደኝነት ነገር እዚያ ጋ ነው የገባኝ።

ለመዋጮ የሚሟገቱ ሰዎች ደደብ አይደሉም፤ ክርክራቸው ከባድ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንደኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ከአራት አንድ ገደማ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ አብዛኛው ልጅ ክፍል ገባ። ይህን የሠራው የመንግሥት ካዝና ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ የተሸከመ፣ ባሕር ዛፍ የቆረጠ፣ ጭቃ የረገጠ ሕዝብ ነው። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ እንኳን አይሞላም። ታዲያ ከየት ይምጣ? ደግሞ የሠራውን ሰው ይጠብቀዋል፤ የኔ ይለዋል። ይህን አባቴ ፊት ላይ አይቸዋለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያይ የራሱን በሬ እንደሚያይ ነው የሚያየው።

ግን እስቲ ሒሳቡን ከሜዳው ሥሩ። ፎገራ ሩዝ አለው። ክረምት ውኃ ተኝቶበት ለከብት ግጦሽ ይቀር የነበረው፣ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት ጥቁር መሬት፣ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጅግናና ሻጋ ማኅበራት ላይ ሩዝ ተሞክሮበት ዛሬ አገር የሚያውቀው የሩዝ ምድር ሆኗል። ወረታ መግቢያ ላይ የሩዝ መፈልፈያውን ድምፅና የገለባውን ክምር የማያውቅ መንገደኛ የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዝ ሲገባ መዋጮ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ብር ያጣ በጣሳ ይሰፍራል። አንዳንድ ትምህርት ቤት የራሱ መሬት አለው፣ ያከራያል፣ «የውስጥ ገቢ» ይለዋል። እዚያው ወረዳ ውስጥ ውኃ የማይተኛበት ዳገታማ ቀበሌ ግን ይህ የለውም። ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሄዳችሁ እብናትን ብታዩ ደግሞ ብዙ ዓመት በእርዳታ እህል የኖረ ሕዝብ ነው። በመዋጮ የሚቆም ትምህርት ቤት ማለት የእብናት ልጅ መንግሥት የተወለትን ቀዳዳ በእርዳታ ስንዴ ይድፈን ማለት ነው። ቀመር የሚባለው ነገር የተፈጠረው ይህን ልዩነት ሊያጠብ ነበር። መዋጮ ቀመሩን ከኋላ በር ገብቶ ይገለብጠዋል።

ሜዳውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ እንደ 1998ቱ ክረምት ጣናም ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ሩዙም ቤቱም ትምህርት ቤቱም አብሮ ነው የሚጠልቀው። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ በጣም የሚፈልግበት ዓመት ወላጁ ምንም የሌለው ዓመት ይሆናል። እኛ ሙያ ውስጥ ዋናውና መጠባበቂያው አንድ ማሽን ላይ ከተቀመጡ መጠባበቂያ የለም ነው የሚባለው።

አሁን ወዳለንበት። በ1997 ምርጫ ከቅንጅት ዋና ዋና ሰዎች አንዱ የነበሩት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ብርሃኑ ነጋ ከመስከረም 2014 ጀምሮ የትምህርት ሚኒስትር ናቸው፤ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሆነው በገዥው ፓርቲ ካቢኔ ውስጥ። የሠሩትን አንድ ነገር አከብራለሁ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ሸፍነው አላቀረቡም። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። አገሪቱ መስታወት ፊት ቆመች። ግን ፈተና ውጤቱን ይነግራል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም፤ እኛ ቴስት ሲወድቅ ቀጥለን የምናየው ሎጉን ነው። ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ያ ትምህርት ቤት በተማሪ ስንት ብር እንዳገኘ፣ ስንቱ ከመንግሥት ስንቱ ከወላጅ እንደሆነ ቢወጣ ኖሮ ክርክሩ ስለ ሰነፍ ተማሪና ስለ ኩረጃ ብቻ ሆኖ አይቀርም ነበር።

በምትኩ በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» የሚባል ንቅናቄ መጣ። ሚኒስቴሩ ራሱ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸውን ተናግሮ ሕዝቡ በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት እንዲያድሳቸው ጠራ። በቢሊዮን ብር የሚቆጠር መዋጮ መሰብሰቡም በኩራት ተነገረ። እንደ ጽሑፍ ስመለከተው ስሙ ግሩም ነው፤ ትውልድን ማን ይቃወማል? ጉዱም እዚያው ነው። ማንም የማይቃወመው ስም የተሰጠው የበጀት ውሳኔ እንዳይጠየቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ክልላችን ውስጥም የአማራ ልማት ማኅበር፣ አልማ፣ ከአባላት በሚሰበስበው መዋጮ ዳስ ክፍሎችን በግንብ ሲተካ ቆይቷል፤ የቀዳማዊት እመቤት ጽሕፈት ቤት በየክልሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠርቶ አስረክቧል። ልጅ ግንብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ደስ የማይለው የለም። ግን ሪባን ሲቆረጥ ወላጁ የሚያጨበጭበው ለስጦታ ነው፤ የሰጠውን ደግሞ ማን ይጠይቃል?

መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችል የሚያሳየው አዲስ አበባ ነው። ከ2012 ወዲህ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምግብ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር ያቀርባል። የምሠራው እዚያ ነው፤ ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ቁርስ ሊበሉ ሲገቡ አያለሁ። ጥሩ ፖሊሲ ነው፣ ስሙም በጀት ነው። አልቀናሁም ብል ግን እዋሻለሁ። የከተማዋ ካዝና ከፎገራ ወረዳ ካዝና ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ ልዩነቱን ማጥበብ የማን ሥራ እንደሆነ ነው መስማት የምፈልገው። አንድ ፓርቲ ምርጫ ሲመጣ «በተማሪ ይህን ያህል ብር፣ ከዚህ ግብር፣ መዋጮ ሕገ ወጥ» ብሎ ቢቀርብ፣ ሌላው ደግሞ «አይ፣ አቅም የለም፣ ወላጅ ይህን ያህል ይክፈል፣ ድሃው ይማር» ብሎ ቢመልስ፣ ሁለቱንም በደስታ አዳምጣለሁ። ሁለተኛው እንኳን ቢያሸንፍ አባቴ ስንት እንደሚከፈል ቀድሞ ያውቃል፤ የእብናቱ ሰው ደግሞ ነፃ የሚሆንበት መስመር ተጽፎ ያገኛል።

ያን ማታ ሰንጠረዡን ጨረስኩት። ከኔ አንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ታናሿ እህቴ ድረስ አንድም ዓመት ሳይዘለል ተሞልቷል፤ ጎርፍ የበላው ዓመት እንኳን ትንሽ ብር አለበት። 2016 ላይ ስደርስ ባዶ ሆነ። ደረሰኙ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ፌስታሉን ገለበጥኩት፤ የለም።

በነሐሴ 2015 ጦርነቱ ክልላችንን ካዳረሰ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ፒዲኤፍ በቴሌግራም ለእህቴ ልልክላት እሞክር ነበር፤ ኢንተርኔቱ ለወራት ዝግ ነበርና አንዱም አልደረሳት።

«አባባ፣ የ2016 የት አለ?» አልኩት።

የመሬት ደብተሩን እያገላበጠ እርጥበቱ መድረቁን እየዳሰሰ ነበር። ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«በዚያ ዓመት ማንም አልጠየቀኝም።»